ዋግምቱ የለቀቀ ቀን

ኮዬ ፈጬ፣ ቅዳሜ ጠዋት። ያገለገለች ቪትዝ ከገዛሁ ሁለት ሳምንቴ ነው። የማስተምረው ፊዚክስ ነው፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ግን ገና ዓመት አልሞላኝም። ከብሎካችን ሥር መኪናቸውን የሚያጥቡት ጎረቤቴ ላዳ ነድተዋል፣ ሚኒባስ ነድተዋል፣ አሁን በራይድ ይሠራሉ። ስልኬን ለጂፒኤስ የት ላሥረው ብዬ ልጠይቃቸው ወረድኩ። አምስት ደቂቃ ይበቃዋል ያልኩት ጨዋታ እስከ ምሳ ሰዓት ሄደ። ማታውኑ የጻፍኩት ይኸው።

ጋሼ፦ ደህና አደርሽ ቲቸር? ዛሬም ትምህርት ቤት ነሽ?

እኔ፦ ዛሬስ የለኝም ጋሼ። እንደምን አደሩ? አንዴ ላስቸግርዎት ነው የመጣሁት። ይቺን የስልክ መያዣ መኪናዬ ውስጥ የት ባደርጋት ይሻላል?

ጋሼ፦ እስቲ አምጫት። መስታወት ላይ የምትጣበቀዋ ናት። ከየት አገኘሻት?

እኔ፦ መብራት ላይ ቆሜ፣ እያዞሩ ከሚሸጡት ልጆች። አንገቷ ረዘም ያለውን መረጥኩ፤ ስልኩን ወደ ዓይኔ ታቀርብልኛለች ብዬ።

ጋሼ፦ የት ልትለጥፊያት አሰብሽ?

እኔ፦ በግራ በኩል፣ የፊት መስታወቱ ጥግ ላይ። እዚያ ከሆነች ፊቴን ማዞር የለብኝም።

ጋሼ፦ ግቢና ወንበርሽ ላይ ተቀመጪ። ልክ እንደምትነጂው ሁኚ። ስልኩን እዚያው ያልሽው ቦታ ላይ በእጅሽ ያዢው። እኔ ከፊት ልቁም። አሁን እታይሻለሁ?

እኔ፦ ትከሻዎና ጭንቅላትዎ ይታየኛል። ከዚያ በታች ያለውን ስልኩ ሸፍኖታል።

ጋሼ፦ ቁጢጥ ልበል። አሁንስ?

እኔ፦ ጠፉ።

ጋሼ፦ የሰባት ዓመት ልጅ ይህን ያህላል። እዚህ ሰፈር ከብሎክ ብሎክ ሲሯሯጥ የሚውለው ማነው? ልጅ ነው። የመስታወቱ ጥግ ምሰሶ ብቻውን አንድ ሰው ይጋርዳል፤ አንቺ ከጎኑ ስልክ ስትጨምሪበት ግድግዳ ሠራሽ ማለት ነው። ሞተረኛውም ብቅ የሚለው በዚያው በኩል ነው። ሌላም አለ። መስኮትሽ በየት በኩል ነው?

እኔ፦ በግራዬ።

ጋሼ፦ ስልኩም በግራሽ። ሲሞቅሽ መስኮቱን ትከፍቻለሽ፤ መንገድ ሲዘጋጋ ትቆሚያለሽ። አንድ እጅ ገብቶ እስኪወጣ ምን ያህል ጊዜ የሚፈጅ ይመስልሻል?

እኔ፦ እኔ እኮ ያሰብኩት እንዳይወድቅ ብቻ ነው።

ጋሼ፦ ሁሉም ሰው ሲገዛ የሚጠይቀው «ይይዛል ወይ?» ብሎ ነው። ሻጩም «አዎ፣ ይይዛል» ይላል። ከዚያ በፊት ግን ስልኩ እዚያ ሲቀመጥ ምን ይጋርዳል፣ ቢወድቅስ የት ይወድቃል ብሎ መጠየቅ ነበር።

እኔ፦ እንግዲያው መሃል ላይ ላድርገው?

ጋሼ፦ የቪትዝሽን መሃል እዪው። የሌላው መኪና የፍጥነት መለኪያ ከመሪው ጀርባ ነው፤ የሷ ግን መሃል ላይ ነው። እሱን በስልክ ከሸፈንሽው ፍጥነትሽንም ነዳጅሽንም በምን ልታውቂ ነው? ከመሃሉ አልፈሽ ወደ ተሳፋሪው ብትወስጂው ደግሞ ኤርባግ የሚወጣው ከዚያ ነው።

እኔ፦ ይቺ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ ነው። ኤርባጉ ይኑር አይኑር አላውቅም።

ጋሼ፦ አለ ብለሽ ያዢ። ኤርባግ ዓይን እስኪጨፈን እንኳ አይቆይም። በፊቱ ያገኘውን ነገር ሁሉ ይወረውረዋል፤ የሚወረውረው ደግሞ ወደ ሰው ፊት ነው።

እኔ፦ ኤርባግ ባይኖርም ስልኩ ራሱ ይወረወራል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና ግድግዳ ብትመታ፣ ያልተያዘ ዕቃ በዚያው ፍጥነት መንገዱን ይቀጥላል። ያ ፍጥነት አንድ ነገር ከ10 ሜትር ከፍታ ሲወድቅ መሬት ላይ የሚደርስበት ነው። ከዚህ ብሎክ ሦስተኛ ፎቅ መስኮት ላይ ስልክ ቢለቀቅና ከታች ሰው ቢቆም ማለት ነው።

ጋሼ፦ እንዲህ ብለሽ ነው የምታስተምሪያቸው?

እኔ፦ እንዲህ ካላልኳቸው ቀመሩን ሸምድደው ይረሱታል።

ጋሼ፦ አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ዋግምት ታውቂያለሽ?

እኔ፦ አያቴ ጀርባቸውን ሲያማቸው ሲያስደርጉ አይቻለሁ። ቀንዱ ቆዳውን አንስቶ ይይዛል፤ ሲነሳ ክብ ምልክቱ ይቀራል።

ጋሼ፦ ይቺ መያዣሽም ዋግምት ናት። ዋግምት አየር እስኪገባው ድረስ ነው የሚይዘው። ከገባው በኋላ ማንም አይመልሰውም።

እኔ፦ በጣም ልክ ነዎት። ጎማው እኮ አይስብም። ከሥሩ ያለው አየር ተጨምቆ ሲወጣ የውጭው አየር ጎማውን መስታወቱ ላይ ይጫነዋል፤ የሚይዘው ያ ጭነት ነው። እኛ ደግሞ ከፍታ ላይ ነን። ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆንን አየራችን ቀለል ይላል፤ ግፊቱ ባሕር ዳርቻ ካለው ወደ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ወርዱ 7 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጎማ ባሕር ዳርቻ 40 ኪሎ በሚያህል ጉልበት ቢጫን፣ እዚህ ወደ 30 ኪሎ ይወርዳል።

ጋሼ፦ 30 ኪሎ? ታዲያ 200 ግራም የማይሞላ ስልክ እንዴት ጣለብኝ?

እኔ፦ 30 ኪሎው ከጎማው ሥር ምንም አየር ካልቀረ ነው። ሁልጊዜም ይቀራል። ከጎማው ከንፈር ሥር አንዲት የአቧራ ቅንጣት ካለች እሷ በር ናት፤ አየሩ ቀስ እያለ ይገባል። ፀሐይ ጎማውን ታደርቀዋለች፤ የደረቀ ጎማ ከመስታወቱ ጋር አይገጥምም። ቀትር ላይ ደግሞ ከሥሩ የቀረው አየር ይሞቅና ይለጠጣል።

ጋሼ፦ አቧራ ከሆነማ እዚህ ሞልቷል። በጋ ላይ ጠዋት ያጠብኩትን መኪና ማታ በጣትሽ ስምሽን ትጽፊበታለሽ።

እኔ፦ ሌላው ጥፋተኛ አንገቱ ነው። ዲጂኖ ድንጋይ የሚፈነቅለው ለምንድን ነው? ረጅም ስለሆነ ነው። ይህ አንገትም ዲጂኖ ነው። መኪናው ኮብልስቶን ላይ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ስልኩ ጫፍ ላይ ሆኖ ይወዛወዛል፤ ውዝዋዜው ጎማውን ከአንድ ጠርዝ እየፈነቀለ ያነሳዋል። ጥፋቱ የክብደቱ ቢሆን ኖሮ ስልኩ መጀመሪያውኑ ይወድቅ ነበር። የሚጥለው ርዝመቱና ንቅናቄው ነው።

ጋሼ፦ ለዚህ ነዋ ናዝሬት ሄጄ በፈጣን መንገዱ ስመለስ ምንም ያላለኝ መያዣ፣ ቱሉ ዲምቱ ወጥቼ ወደ ሰፈር ስገባ የሚያንገዳግደው። ያ አስፋልት ጠረጴዛ ነው።

እኔ፦ «ጣለብኝ» ያሉት መቼ ነው ጋሼ?

ጋሼ፦ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው።

እኔ፦ ምን ሆነ?

ጋሼ፦ ከዚህ አይርቅም። ተሳፋሪ ይዤ ወደ ብሎኮቹ የሚያስገባውን መንገድ ይዣለሁ። አልቸኮልኩም። መያዣው ለቀቀና ስልኩ እግሬ ሥር ወደቀ። ጎንበስ ብዬ ልፈልግ አልኩ። ሰው ምን ያህል ጊዜ ጎንበስ ይላል? አንድ ጊዜ ነው ያልኩት። ተሳፋሪዋ ጮኸች። ቀና ስል ኳስ ተከትሎ የወጣ ልጅ ፊቴ ቆሟል። ፍሬን ረገጥኩ። ፍሬኑ አልወረደም። ስልኩ ከፔዳሉ ሥር ገብቶ ተሰንቅሯል።

እኔ፦ ወይኔ።

ጋሼ፦ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩት። መኪናው ተንሸራቶ ቆመ። ልጁ እጁን ኮፈኑ ላይ አሳርፎ ያየኛል። አልነካሁትም። እናቱ ከላይ ከበረንዳ ሆና ታያለች። ወርጄ ላናግራት ስሞክር ድምፄ አልወጣም።

እኔ፦ እግዚአብሔር ጠበቀዎት።

ጋሼ፦ ልጁን ጠበቀው። እኔንማ ያ መያዣ አንድ ወር ሙሉ ሲያስጠነቅቀኝ ነበር። እስከዛሬ የሚቆጨኝ መውደቁ አይደለም። ከመውደቁ በፊት በእያንዳንዱ ጉብታ ላይ ዓይኔን ወደሱ እጥል ነበር። ይይዝ ይሆን? ዘነበለ? በእጄ ደገፍ አድርጌ አስተካክለዋለሁ፤ እንደገና አያለሁ። ካርታውን ለማየት አይደለም፤ መያዣውን ለመጠበቅ ነው። ያላመንሽው ነገር ሳይወድቅም ዓይንሽን ይወስድብሻል።

እኔ፦ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲነዱ ሁለት ሰከንድ ዓይንዎን ቢያነሱ 22 ሜትር ሳያዩ ሄደዋል። ከዚህ እስከዚያኛው ብሎክ ጥግ ማለት ነው።

ጋሼ፦ በቀን ስንት ጉብታ አለ? አባዢውና ንገሪኝ።

እኔ፦ አልፈልግም ጋሼ። ገብቶኛል።

ጋሼ፦ ላዳ ስነዳ ይህ ሁሉ አልነበረም። ሰው «ቤተ ክርስቲያኑን አልፈህ፣ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት» ይልሻል፤ ከጠፋብሽ ወርደሽ ትጠይቂያለሽ። በራይድ ከጀመርኩ ወዲህ ነው ስልክ ከፊቴ የማይጠፋው። ሰውየው 8294 ይደውላል ወይ በስልኩ ያዛል፤ ለእኔ የሚደርሰኝ ካርታና ነጥብ ነው።

እኔ፦ ራይድን የመሠረተችው ሳምራዊት ፍቅሩ የሶፍትዌር ባለሙያ ናት። ለሴት ተማሪዎቼ ስለሷ እነግራቸዋለሁ።

ጋሼ፦ ብዙ ቤት ነው እንጀራ የበላበት። ግን ሥራው በስልክ ከሆነ ስልኩ የሚቀመጥበትም የሥራው ዕቃ ነው። ጎማዬንና ፍሬኔን እያስፈተሽኩ መያዣ ሲሆን ግን መንገድ ላይ ያገኘሁትን አነሳ ነበር። ይህ ልክ አልነበረም። በእጅ ይዞ መንዳትማ ደንቡም ይከለክላል፤ ጭን ላይ አስቀምጦ መንዳትም ከዚያ አይሻልም።

እኔ፦ ከላይ ሥፍራ ከሌለ፣ ዝቅ አድርገን ሬዲዮው አጠገብ ብናደርገውስ?

ጋሼ፦ እኔም የማደርገው እንደዚያ ነው። ግን ዝቅ ሲል ሳተላይቱ ያገኘዋል? ይህ ጥያቄ ሁሌ ያሳስበኛል።

እኔ፦ ያገኘዋል። ሳተላይቶቹ ያሉት ከመሬት 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። ስልኩ ቦታውን ለማወቅ ቢያንስ የአራቱን ምልክት መስማት አለበት። ምልክቱ በጣም ደካማ ነው፤ የጣሪያው ብረት ይከለክለዋል፣ መስታወት ግን ያሳልፈዋል። ከፊት መስታወቱ ሥር ያለው ዳሽቦርድ ሰፊ ሰማይ ስለሚያይ በቂ ነው። የብረት ቅልቅል ያለበት ጥቁር ፊልም መስታወት ላይ ከተለጠፈ ግን ችግር ሊሆን ይችላል።

ጋሼ፦ ታዲያ ሰማዩ ክፍት ሆኖ ሳለ እዚህ ብሎኮቹ መሃል ስገባ ነጥቡ ለምንድን ነው ወደ ሌላ ብሎክ የሚዘለው?

እኔ፦ ፎቆቹ ናቸው። ምልክቱ በቀጥታ ከመምጣት ይልቅ ከግድግዳ ግድግዳ እየነጠረ ሲደርስ ረጅም መንገድ የመጣ ይመስላል፤ ስልኩ በዚያ ይሳሳታል። መያዣውን ከፍ ቢያደርጉት አይድንም። ጥፋቱ የመያዣው ስላልሆነ።

ጋሼ፦ እህ! ስንቴ ነው ስልኩን ነቅዬ ወደ መስታወቱ ያስጠጋሁት።

እኔ፦ ስለዚህ ጂፒኤሱ የሚጠቅመን እስከ ሰፈሩ ነው። ብሎኮቹ ጋ ከደረሱ በኋላ ግድግዳው ላይ የተጻፈው የብሎክ ቁጥር ከስልኩ ይበልጣል።

ጋሼ፦ እዚያ ስደርስ ዳር ይዤ ቆሜ እደውላለሁ። ልጅ የሚበዛበት ቦታ ላይ ካርታ የማየት ሥራ የለኝም።

እኔ፦ እሺ፣ ዝቅ እናድርገው። በምን ይያዝ? የአየር ማስወጫው ላይ የሚሰካውንም አይቼ ነበር።

ጋሼ፦ ለአዲስ መኪና ጥሩ ነው። ያንቺ መኪና ፕላስቲክ ስንት ዓመት ፀሐይ በልቶታል? ከባድ ስልክ ከሰቀልሽበት ክንፎቹ አንድ በአንድ ይሰበራሉ። ክረምት ላይ ደግሞ መስታወቱ በእንፋሎት ሲሸፈን ሙቅ አየር ትለቂያለሽ፤ ስልኩን ጠብሰሽ ታወጪዋለሽ።

እኔ፦ ማግኔቱስ? ማግኔት ጂፒኤሱን ያበላሻል ይላሉ።

ጋሼ፦ ይህን አንቺ ንገሪኝ።

እኔ፦ ጂፒኤሱን አይነካውም። ሊያሳስተው የሚችለው ኮምፓሱን ነው፤ ቆመው ሳሉ ካርታው ወደ የት እንደዞረ ግራ ሊገባው ይችላል። መንቀሳቀስ ሲጀምሩ ይስተካከላል። የኔ ሥጋት ሌላ ነው፤ ቀጭን ብረት ሽፋን ላይ ለጥፎ ኮብልስቶን ላይ መውጣት። ለአስፋልት ይሆናል፤ ለዚህ ሰፈር ግን ከጎንና ከጎን ነክሶ፣ ከሥርም ደግፎ የሚይዝ ክንድ ነው የምመርጠው።

ጋሼ፦ የኔን ልታዪው? ሲዲ ማስገቢያው ላይ የሚሰካ ነው። አሁን ሲዲ ማን ያደምጣል? ምላሱን ታስገቢያለሽ፣ ብሎኑን ታጠብቂያለሽ፣ ከሬዲዮው ጋር አንድ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም።

እኔ፦ የኔ ሬዲዮ ተቀይሯል፤ ሲዲ ማስገቢያ የለውም።

ጋሼ፦ እንግዲያው ባለ ሙጫውን ግዢ። አንገቱ ከጣትሽ የማይረዝመውን። ከመሪው በስተቀኝ፣ ከመለኪያው ዝቅ ብሎ፣ ጠፍጣፋና ጠንካራ ፕላስቲክ ፈልጊለት። ቢወድቅ እንኳ ወደ ማርሹ እንጂ ወደ ፔዳሉ አይሄድም።

እኔ፦ አንድ ባለ ሙጫ ቤት አለኝ። ላምጣው?

ጋሼ፦ አምጪው። ግን ዛሬ አይለጠፍም።

እኔ፦ ለምን?

ጋሼ፦ ዳሽቦርዱን ንኪው። ያንሸራትታል። ላቫጆ ወስደሻት ነበር አይደል? ልጆቹ እንዲያበራ ብለው ፖሊሽ ቀብተውታል። በዚህ ላይ ሙጫም አይዝ፣ ዋግምትም አይዝ። እኔን ያ ነገር ሁለቴ ሙጫ አስጥሎኛል።

እኔ፦ አልኮል አለኝ። በሱ ሁለት ሦስት ጊዜ ከጠረግነው ዘይቱ ይነሳል። በሳሙና ጀምረን በአልኮል እንጨርሰዋለን፤ በደንብ እናድርቀውና እንለጥፈው። ከዚያ ስልኩን ወዲያው አልሰቅልበትም። እንዲህ ያለ ሙጫ በአንዴ አይዝም፤ ከፕላስቲኩ ጋር እስኪዋሃድ አንድ ቀን ያህል ያለ ጭነት ማደር አለበት።

ጋሼ፦ ተቻኩሎ ዕለቱኑ ስልክ የሰቀለ ነው «ሙጫው አይረባም» የሚለው።

አልኮሉንና ጨርቁን ይዤ ወረድኩ። እሳቸው ያብሳሉ፣ እኔ አደርቃለሁ። ጨርቁ በየተራው ቡናማ እየሆነ ይመለስ ነበር። አራተኛው ላይ ነጭ ሆነ። መቀመጫውን ተጭነው ያዙትና እንደ ጸሎት ዝም አሉ፤ እኔ በልቤ እስከ ስልሳ ቆጠርኩ።

ጋሼ፦ በቃ። እስከ ነገ አትንኪው። የቻርጀሩን ገመድ በዚህ በታች አሳልፊው፤ ማርሽ ላይ እንዳይጠመጠም። የምትሄጂበትንም ሞተር ሳታስነሺ አስገቢ፤ ድምፁን ከፍ አድርጊና በጆሮሽ ሂጂ። ማታ ስታቆሚ ስልኩን ብቻ አይደለም፣ ክንዱንም ነቅለሽ ውሰጂ። ባዶ መያዣ ያየ ሌባ ስልኩ የዳሽቦርዱ መሳቢያ ውስጥ አለ ብሎ ነው መስታወት የሚሰብረው። በስልክሽ ብቻ ሳይሆን በመስታወትሽም ታዝኛለሽ።

እኔ፦ መስታወት ላይ የሚቀረው ክብ ምልክትም እኮ ይናገራል ጋሼ። የእርስዎ ላይ ይኸው አለ፤ ከመሪው በላይ።

ጋሼ፦ አውቃለሁ።

እኔ፦ ያ መያዣ ከወደቀ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው አላሉኝም? መኪናዎን በየቀኑ እያጠቡ እንዴት ቀረ?

ጋሼ፦ በዙሪያው ነው የማጥበው። መሪ ስይዝ አየዋለሁ። የሚያስታውሰኝ ነገር ይቅር ብዬ።

እኔ፦ ሌባም ያየዋል።

ጋሼ ትንሽ ቆዩ። ከብሎኩ ጀርባ ልጆች ኳስ ሲመቱ ይሰማል። ፊታቸውን ወደዚያ መለስ አድርገው እንደገና ወደ መስታወቱ ዞሩ።

ጋሼ፦ አልኮሉ ተርፏል?

እኔ፦ ግማሹ አለ።

ጋሼ፦ ጨርቁንም ስጪኝ።